ባለ ሁለት ቀለም ሙሽራ

«እስቲ ንገሩኝ! ልጄ ስንት ጊዜ ነው ያገባችው?»

እትዬ ሰልማ የሰርግ አልበሙን ከፎቶ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ዷ አድርገው ገለጡት። ቀኑ የደምበጫ ገበያ ነው። ከውጭ ፈረስ ያሽካካል፣ ባጃጅ ይጮኻል፤ የእሳቸው ድምፅ ግን ሁሉንም በለጠ። ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ወረፋ የያዙት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

ፋኢዛ ከኮምፒውተሩ ኋላ ሆና ሻርፗን አስተካከለችና አልበሙን በሩቁ አየችው። የትኛው ገጽ እንደተገለጠ ለማወቅ መጠጋት አላስፈለጋትም።

«ያው አንድ ጊዜ ነዋ፣ እትዬ ሰልማ» አሉ አባቷ አቶ ሙሐመድሳኒ፣ ነገሩን በሣቅ ሊያለዝቡት እየሞከሩ።

«አንድ ጊዜ? እንግዲያው ይቺ ማን ናት?» የእትዬ ሰልማ ጣት ከግራው ገጽ ላይ አረፈ። ሙሽራዋ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷ ወዝ ጠግቦ ከባሏ ጎን ቆማለች። «ይቺስ?» ጣቱ ወደ ቀኙ ገጽ ዘለለ። ያችው ሙሽራ ከሴቶች መሃል ተቀምጣለች። ቀሚሷ ሰማያዊ ሆኗል። ፊቷ ሳምንት ሙሉ ወባ የጣላት ሰው ፊት ነው። «ጎረቤት ሁሉ አልበሙን እያየ ምን ይለኛል መሰላችሁ? ‹ልብስ ነው የቀየረችው ወይስ ሙሽሪት ነው የተቀየረችው?› እያለ ይስቅብኛል! የታናሽየዋ ኒካህ ደርሷል። እንዲህ ከሆነ እኔ ከደብረ ማርቆስ ሰው አስመጣለሁ።»

አልበሙን እዚያው ጥለውት ወጡ። ወረፋ ከያዙት አንዱ ሊስቅ ሲል አቶ ሙሐመድሳኒ አዩትና ሣቁን ወደ ሳል ቀየረው።

የግራውን ፎቶ ያነሳው ታላቅ ወንድሟ ፈሐድ ነው፤ የቀኙን ያነሳችው ራሷ ፋኢዛ፣ በሌላ ካሜራ። በእነሱ ሰፈር ሰርግ ሴቶቹ ለብቻቸው ዳስ አላቸው። ከመጋረጃው ወዲያ ሻርፑ ይወልቃል፣ ሂናው ይታያል፣ ጭፈራው ይደምቃል፤ ካሜራ የያዘ ወንድ ግን ድርሽ አይልም። ስለዚህ ድሮ የዚህ ፎቶ ቤት አልበም መጋረጃው ጋ ሲደርስ ያበቃ ነበር። ፋኢዛ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ባለፈች ጊዜ አባቷ ትንሽዬ ካሜራ ሸለሟት፤ እሷም በመጀመሪያው ሰርግ ላይ ካሜራዋን አንጠልጥላ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ የፎቶ ቤቱን ስም እንኳ አይጠሩም። «ያቺ ልጅ ትምጣ» ነው የሚሉት።

ከዙህር ሶላት በኋላ አቶ ሙሐመድሳኒ ሱቁን ገርበብ አደረጉና መደርደሪያውን ያራግፉ ጀመር። መደርደሪያው ለጉድ ነው። አባቷ ካሜራ ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም። አዲስ አበባ ወረቀትና ቀለም ሊገዙ ሄደው እንደ ወላጅ አልባ ልጅ አንድ አሮጌ ካሜራ ታቅፈው ይመጣሉ። የፊልሙም አለ፣ ዲጂታሉም አለ፣ ክዳኑ በፕላስተር የተጣበቀም አለ። የአንዱ ሌንስ ለሌላው አይገጥም። የአንዱ ባትሪ ሌላው ውስጥ አይገባም። በሰርግ ዋዜማ መብራት ብልጭ ሲል፣ የየትኛው ቻርጀር የየትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚደረገው ግርግር ራሱን የቻለ ሰርግ ነው።

«በቃ!» አሉ አባቷ። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት አንድ ዓይነት ካሜራ ብቻ ነው የሚሠራው። ሌላው ይሸጣል።»

«የፊልሞቹም?» አለ ፈሐድ።

አባቱ አንዱን የፊልም ካሜራ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። «የፊልሞቹም።»

«እንግዲያው ምን ያጠያይቃል? ወይፈኑ ነዋ!» ፈሐድ ትልቁን ጥቁር ካሜራ አንስቶ ከነረጅም ሌንሱ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ወይፈን ያሉት በክብደቱ ነው። የፋኢዛ ካሜራ ደግሞ ከጎኑ ስትቀመጥ በጣም ስለምታንስ ድንቢጥ ተብላለች።

«ለአንተማ አያጠያይቅም» አለች ፋኢዛ። «ወይፈን ያለን አንድ ነው። አንተ እሱን ይዘህ ወንዶቹ ጋ ስትንጎራደድ እኔ በምን ላነሳ ነው? በዓይኔ?»

«የሙሽራዋ እህት በስልኳ ታንሳቸዋ! ምን ችግር አለው?»

ፋኢዛ ጆሮዋ ጋለ። ይህን ያለው ሊያናድዳት ቢሆን ኖሮ ትታገሰው ነበር። እሱ ግን የምሩን ነው።

«ድንቢጥ ርካሽ ናት» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «ሌላ እህት እንገዛላታለን። አንዷ ለእሱ፣ አንዷ ለእኔ። ቀለሙ አንድ ይሆናል። አለቀ።»

«በዚያች አሻንጉሊት ሰርግ ላነሳ? ወላሂ ሼም ነው! ሚዜዎቹ ይስቁብኛል።»

«ሚዜዎቹማ አሁንም ይስቁብሃል።»

«ዝም በሉ!» የእናታቸው ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ መጣ፤ ቀጥላም ራሷ መጣች። የዘኪያ ሱቅ ከፎቶ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጨርቅ ነው የምትሸጠው። «ጸባችሁ ስለ ቀለም አይደል? የቀለሙን ነገር ለእኔ ተዉት። ያቺ ሙሽራ የለበሰችው ከእኔው ጣቃ የተቆረጠ ነው። ጨርቁን በሁለቱም ካሜራ አንሱልኝ፤ የትኛው በየትኛው እንደተነሳ ግን አትንገሩኝ።»

አቶ ሙሐመድሳኒ ተስማሙ። «ማንም ምንም እንዳይነካካ ታዲያ። ካሜራው ያየውን ብቻ ነው የምናትመው።»

የፋኢዛ የክፍል ጓደኛ እስከዳር የሒሳብ የቤት ሥራ ልትገለብጥ መጥታ ኖሮ፣ ሳታስበው ሙሽራ ሆነች። ወይን ጠጁን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ፈሐድ በወይፈኑ አነሳት፣ ፋኢዛ በድንቢጥ። ከዚያ ፈሐድ ምሳውን ሊበላ ወደ ቤት ገባ። አባቷ ጉርድ ፎቶ ሊያደርሱ ወጡ። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አውጥቶ ማተም የሁልጊዜም የፋኢዛ ሥራ ነው። ማንም ሰው ይህን ልብ ያለው አልመሰለም፤ ከራሷ በቀር።

«ኧረ በእናትሽ! ይቺ እኔ ነኝ?» እስከዳር የድንቢጥን ፎቶ ስታይ ጮኸች። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኗል። «ከሆስፒታል ጠፍቼ የመጣሁ መሰልኩ እኮ! ቀለሙን ንኪው እንጂ!»

«አባባ አትንኩ ብለዋል።»

«እና አባባ እዚህ ናቸው? ማን ያያል? ፈሐድ እንደሆነ ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ኳስ ሊያይበት ነው።»

ፋኢዛ ማውሱን ጨበጠች። ሰማያዊውን ቀነስ፣ ቀዩን ጨመር አደረገች። ጨርቁ ወይን ጠጅ ሆነ። የእስከዳር ፊት ግን ብርቱካን መሰለ።

«አሁን ደግሞ በርበሬ ቀባሽኝ!»

«ቆይ ዝም በይ።» ፊቱን ለብቻው ከበበችው። ለብቻው አጠቆረችው፣ አቀላችው፣ መለሰችው። እስከዳር የቤት ሥራውን ገልብጣ ጨረሰች። በመጨረሻ ጨርቁም ጨርቅ፣ ፊቱም ፊት ሆነ። ፎቶው ከፈሐዱ የሚያንስበት ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም ይበልጠዋል።

«ተበላ ፈሐድ!» እስከዳር አጨበጨበች። «አትሚው፣ አትሚው!»

ፋኢዛ ጣቷን ማተሚያው ላይ አሳርፋ ቀረች። ዛሬ ልታሸንፍ ነው፤ ይሄ ግልጽ ነው። እናቷ ይህንን ትመርጣለች፤ ሌላ ድንቢጥ ይገዛል፤ ወይፈኑ ይሸጣል። ከዚያስ? ከዚያ የእትዬ ሰልማ ታናሽ ልጅ ኒካህ ይመጣል። ዳሱ ሙሉ ሴት ነው፤ አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ወርቅማ፣ አንዷ ብርቱካናማ ለብሳለች። የአንዷን ስታስተካክል የሌላዋ ይበላሻል። ያ ባንኮኒ ላይ የተጣለው አልበምስ? ሳይስተካከል የታተመ መሰላቸው እንዴ? እሷ ከትምህርት ቤት እየመጣች፣ ዓይኗ እስኪቀላ የደከመችበት ነው። ደክማበትም ነው ሙሽራዋ የወባ በሽተኛ የሆነችው። አሁን ደግሞ በሁለት ድንቢጥ፣ በወንዶቹም ገጽ በሴቶቹም ገጽ፣ ሙሉ አልበም የወባ በሽተኛ ሊታተም ነው።

የነካካችውን ሁሉ ወደ ኋላ መለሰችው። ጨርቁ እንደገና ሰማያዊ ሆነ።

«አንቺ ልጅ አበድሽ? አሸንፈሽ ነበርኮ!»

«እኔ ማሸነፍ የምፈልገው በዚህ አይደለም።»

«በምንድን ነው ታዲያ?»

ፋኢዛ ማተሚያው ውስጥ ወረቀት ከተተች። ሁለቱንም ፎቶ እንዳሉ አተመቻቸው።

ሁሉም ሲሰበሰብ ዘኪያ ፎቶዎቹን ተቀብላ ወደ በሩ ሄደች። «ጨርቅ በመብራት አይገዛም» አለች። ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ጨርቁን ዘረጋችና ፎቶዎቹን ተራ በተራ አጠገቡ አስጠጋች። አንዱን አየች። ሌላውን አየች። የመጀመሪያውን ደገመች። ከዚያ አንዱን አንስታ ለባሏ ሰጠች። «ይሄኛው ጨርቄ ነው። ያኛውን ግን ሱቄ ውስጥ ባየው የማን ዕቃ ነው እላለሁ።»

የመረጠችው የወይፈኑን ነበር። ፈሐድ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ በአንድ እግሩ ዞረ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?»

«ብለሃል» አለች ፋኢዛ። «ወይፈኑ ይሻላል።»

ፈሐድ መዞሩን አቆመ። ክርክር ሲጠብቅ ስምምነት መጣበት፤ አልተመቸውም። እስከዳር የፋኢዛን ክንድ ቆነጠጠች።

«ወይፈኑ ይሻላል። ግን ሁለት ይሁን» ስትል ቀጠለች፣ ዓይኗን ከአባቷ ሳትነቅል። «ሁለተኛውም ፈሐድ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል መለዋወጫ አይደለም። እኔ ይዤው ሴቶቹ ዳስ እገባለሁ። ያለዚያ እትዬ ሰልማ ሙሉ አልበም ፈልገው ግማሽ ሰርግ ነው የምንሰጣቸው። በስልክ የተነሳውን ደግሞ አብረን ብናትመው ሙሽራዋ ሦስተኛ ቀለም ታወጣለች።»

«ወይፈን ውድ ነው፣ ልጄ» አሉ አቶ ሙሐመድሳኒ። «ይህ መደርደሪያ ሁሉ ቢሸጥ እንኳ ጥቂት ይጎድላል።»

«ሁሉም አልወረደማ! ያንን ከኋላዎ የሸሸጉትን አይቼዋለሁ።»

አባቷ እንደተያዘ ልጅ ደነገጡ። እጃቸው ከጀርባቸው ወጣ። ቆዳ ማኅደሩ የተላጠ የፊልም ካሜራ ይዟል። «ይሄ እንኳ... እናትሽን መጀመሪያ ያነሳሁበት ነው።»

«በዚያ የተነሳሁት ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት» አለች ዘኪያ። ባሏ ግን ካሜራውን አልለቀቁም።

«እሺ፣ እሱ ይቅር» አለች ፋኢዛ። «ድንቢጥን ጨምሩበት።»

ፈሐድ ቀና ብሎ አያት። ከውጭ አንዱ አጋሰሱን «ሂድ!» ሲል ተሰማ።

«ድንቢጥ የፎቶ ቤቱ አይደለችም» አሉ አባቷ በቀስታ። «ያንቺ ናት። የሸለምኩሽን መልሼ አልወስድም። ለራስሽ ያዣት፤ ጓደኞችሽንም አንሺባት። ማንም አይነካብሽም።»

ይህ እንግዲህ ያላሰበችው ነበር። ድንቢጥ የብቻዋ ልትሆን ትችላለች። በትምህርት ቤት ግቢ፣ በዒድ ቀን፣ በሰፈር፤ ሙሉ በሙሉ የራሷ። ወይፈኑ ግን የማንም አይሆንም፤ የፎቶ ቤቱ ነው። ሰርግ ሲያልቅ መደርደሪያ ላይ ይመለሳል። አንስታ ድንቢጥን አየቻት። ከጎኗ ያለው ብርማ ቀለም አውራ ጣቷ በሚያርፍበት በኩል ተልጧል።

«ሁለተኛው ወይፈን ከእኔ ጋር ሴቶቹ ዳስ ይገባል?» አለች።

«ይገባል።»

«ቃልዎ ነው?»

«ወላሂ፣ ቃሌ ነው። ፈሐድ፣ ሰምተሃል?»

«ሰማሁ» አለ ፈሐድ፣ የጫማውን ጫፍ እያየ።

በማግስቱ ደመላሽ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከደብረ ማርቆስ መጣ። መደርደሪያው ላይ የነበሩትን አንድ በአንድ እያገላበጠ ካርቶን ውስጥ ከተታቸው። የአንዱን ካሜራ ባትሪ ለሌላው ለማስገባት ሲታገል አቶ ሙሐመድሳኒ ሣቃቸውን ዋጡ። በመጨረሻ ነጋዴው ባንኮኒው ጥግ ወደተቀመጠችው ትንሽ ካሜራ አየ። «ይቺስ? ትሸጣላችሁ?»

አባቷ ፋኢዛን አዩ።

ፋኢዛ ሜሞሪ ካርዱን አወጣች። ማሰሪያውን ጠቀለለች። ባትሪውንና ቻርጀሩን በአንድ ከረጢት አድርጋ ከካሜራው ጋር ራሷ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠች። «ቻርጀሩ ገመዱ ይላላል» አለችው ደመላሽን። «ትንሽ ተጫን አድርገው። እንዳትጥላት ደግሞ።»

ካርቶኑ ሲወጣ አላየችም። ወደ ፈሐድ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«አምጣው።»

«ምኑን?»

«ወይፈኑን ነዋ። ሁለተኛው እስኪመጣ በእሱ እለማመዳለሁ። አንተ ታሳየኛለህ።»

ፈሐድ ወይፈኑን ከትከሻው አወረደና ሊሰጣት ሲል እጁ ላይ ያዝ አደረገው። «ከባድ ነው። አንገትሽን ያሳምምሻል።»

«ካመመኝ እነግርሃለሁ።»

ማሰሪያውን በሻርፗ ላይ አጠለቀችው። ካሜራው ወደ ታች ጎተታት። አንድ እጇን ከሌንሱ ሥር አስገባች፤ ከዚያ ጀርባዋን አቀናች።

«የቱን ነው መጀመሪያ የምጫነው?»