በሰው ፀሐይ

ሌንካ ከኦህሪድ ሐይቅ ሥር የወጣውን የጭቃ ዓምድ በቀጭን ሽቦ ለሁለት እየሰነጠቀች ነበር። ትራይቼ የቤተ ሙከራውን በር ገፍቶ ሲገባ ቀና አላለችም።

«እስካሁን አልበረደልሽም?»

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

ግድግዳው ላይ አዲስ የመስመር ሥዕል ተለጥፏል። በኦህሪድ ሰማይ ሥር በጥንት ዘመን ዝናብ መቼ እንደበዛ፣ መቼ እንደጠፋ ከጭቃው አንብባ ያሰመረችው የሌንካ መስመር ነው። ትራይቼ ግን ለሳይንስ ጉባኤው አዘጋጅላታለሁ ብሎ የደለሉን ዕድሜ እየገፋ፣ እየሳበ፣ ከሩቅ ሰሜን የፀሐይ መስመር ጋር አገጣጥሞታል።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። «የሰሜኑ የበጋ ፀሐይ ሲደክም በረዶው ይስፋፋል፣ ዓለም ይቀዘቅዛል። ያንቺ መስመር ብቻውን አፈነገጠ። ይስቁብሻል ብዬ ፈራሁ።»

«ይሳቁ! ምድር ዘንጓ ሲዋልል ፀሐይ ለሁሉም አገር እኩል አትደርስም። እዚህ የእኛ በጋ ሲበረታ በደቡባችን ያለው ባሕር ይሞቃል፤ በመከር ዝናቡ ይወርዳል። ያገኘሁት እሱን ነው። አንተ የሰው ፀሐይ አምጥተህ ጫንክብኝ!»

«ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«ቆንጆ አትበለኝ። ልጠይቃት እንኳ አላልክም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሰድባው ትረሳ ነበር። ያቃጠላት የምታገባው ሰው መሆኑ ነው። ከማያምናት ሰው ጋር እንዴት ትኖራለች?

ሽቦውን አስቀምጣ ኮምፒውተሩን ወደሱ አዞረችው። ከኢጣሊያ እሳተ ገሞራ በነፋስ መጥቶ በጭቃው መሐል የተኛው አመድ ዕድሜ፣ ያለ ፀሐይ ስሌት ተለክቶ፣ ዛሬ ጠዋት ደርሷል።

ትራይቼ ጎንበስ ብሎ ቆየ። አመዱ በሱ መስመር ላይ ቦታ አጣ። በሷ ላይ ግን ልክ ገባ።

«ትክክል ነሽ» አለ።

«አመዱ ሳይመጣም ትክክል ነበርኩ!»

ጆሮው ቀላ። ቀና ብሎ ዓይኗን አየ።

«አዎ። ማመን የነበረብኝ ያኔ ነው። ጉባኤው ላይ ቆሜ እናገረዋለሁ።»

ሥዕሉን ከግድግዳው ራሱ ገነጠለ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦም እሷ ለጭቃው ያወጣችለትን ዕድሜ አንድ በአንድ መለሰ፤ እሷ ከኋላው ቆማ ትከሻውን ሳትነካ አየችው።

«ቅዳሜ እናቴ ለክረምት የሚቀመጥ ቀይ በርበሬ በእሳት ትጠብሳለች» አለች በመጨረሻ። «መጥተህ የተጠበሰውን ትልጣለህ።»

«ታረቅን ማለት ነው?»

«ትልጣለህ ነው ያልኩህ።»

አዲሱ ሥዕል ታትሞ ወጣ። ሌንካ ለጉባኤው ጠቅልላ በክር አሰረችውና ቁም ሣጥኑ ላይ አኖረችው።