የእህት ሚስማር

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ የሞቱት እንደተቀመጡ ነበር። መርፌው ከጣታቸው አልወጣም፤ ጅምሩ ኮት ጉልበታቸው ላይ ነው። ከእግራቸው ሥር ያለው የከሰል ካውያ አመድ ሆኗል። ፊታቸው ቀልቷል። መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

መርማሪው የኮቱን እጅጌ በሟቹ ክንድ ለካው። ልክክ አለ።

«ለራሳቸው ነበር የሚሰፉት?»

«ለታላቅ ወንድሜ ሠርግ ነው» አለች ሰፊዋ፤ ሽማግሌው ከየመንገዱ አንስተው ካሳደጓቸው ሦስት ልጆች የመጨረሻዋ። «አባዬ ‹ልጄን ስድር በተጣፈ ኮት አልቆምም› አለ።»

መብራት ወደ ሰፈሩ ባልገባበት በዚያ ዘመን የስፌት ቤቱ የመጀመሪያ ሕግ የከሰል ነበር። ከሰል እየነደደ መስኮቱ ገጥሞ ጭሱ ሰው እንዳይገድል አንዲት ባዶ የክር ማጠንጠኛ ትሸጎጥበታለች። እሳቱ ጠፍቶ መስኮቱን የዘጋ ሰው ማጠንጠኛዋን በራሱ ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ሦስቱ ሚስማሮች ልጆቹ ወደዚያ ቤት በገቡ ቀን፣ በየቁመታቸው ልክ የተመቱ ናቸው።

ዛሬ ማጠንጠኛዋ ያለችው ከሁሉ ዝቅ ባለው፣ በሰፊዋ ሚስማር ላይ ነው። መርማሪው በጣቱ ነካ ሲያደርገው ሚስማሩ ተወዛወዘ።

«መናገር እንኳ አልፈለግሁም ነበር» አለ ታላቅየው፣ ቆራጩ። «ግን ሚስማሩ ራሱ ተናገረ። እሳቸው ሲደክማቸው እንደሚያንቀላፉ ታውቃለች።»

«እኔ? ወንድምዬ፣ እኔ?» አለች ልጅቷ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሰንሰለቱን ከወገቡ ፈታ።

«ቆይ» አለው መርማሪው። መካከለኛውን ወንድም ለብቻው ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ተኳሽ ነኝ።»

መርማሪው ቅንድቡን አነሳ።

«ኧረ በካውያ ነው ጌታዬ! ጠመንጃማ ነክቼም አላውቅ።» ፈገግታው ወዲያው ጠፋ።

«ታላቅህ እዚህ ነው የሚያድረው?»

«ቤት ተከራይቶ ከወጣ ዓመት አለፈው። ጨርቁን ይቆርጣል፣ እሳቱ ሳይጠፋ ይሄዳል።»

«እህትህስ፣ ማጠንጠኛዋን የት ነው የምትሰቅለው?»

«እኔው ላይ ነዋ! የሷ ሚስማር ዘንድሮ ላላ። ‹ደባል ልግባ› ብላ የኔ ላይ ገባች። ኪራይ ክፈይ እያልኩ አበሽቃታለሁ።»

መርማሪው በጋሪ ወደ ሙሽሪት ቤት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሦስቱን በስፌት ቤቱ ሰበሰባቸውና ማጠንጠኛዋን ለሰፊዋ ሰጣት።

«እንደ ሁልጊዜው ስቀያት።»

እጇ ሳታስበው ወደ መካከለኛው ሚስማር ሄደ።

«በቃ» አለ መርማሪው። «ሽማግሌው ሲያንቀላፉ አንድ ሰው ገብቶ መስኮቱን ዘጋ፤ ማጠንጠኛዋንም በእህት ሚስማር ሰቀለ። የቤቱን ሕግ ስለሚያውቅ የውጭ ሰው አይደለም። እሷ ብትሆን እጇ ወደለመደው ይሄድ ነበር። ተኳሹ ደግሞ እሷ ያንን ሚስማር እንደተወችው ያውቃል። የማያውቀው ዓመት ሙሉ እዚህ ያላመሸው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ቆራጩ ዞሩ።

«ሌላም ጆሮዬን የቆረቆረኝ ነገር አለ። እህትህ ‹አባዬ አለ› ትላለች። አንተ ግን ‹እሳቸው›።»

«ለአክብሮት ነው።»

«መቼ አንቱ ብለኸው ታውቃለህ?» አለች እህቱ።

«የሙሽሪትን አባት ስለ አባትህ ጠየቅኋቸው» አለ መርማሪው። «‹ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ልጁ ሕፃን ሳለ ሞተዋል ብሎናል› አሉኝ። የሞተ አባት ደግሞ አዲስ ኮት ለብሶ ሠርግ ሊመጣብህ ነበር።»

ቆራጩ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ኮት አየ።

«እንዳይመጡ ለምኛቸው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሳቁብኝ። የቀልዴን መሰላቸው።»

«አባዬ በል» አለችው ሰፊዋ። «አንዴ እንኳ። አባዬ በል!»

አላለም። ሰንሰለቱ እጁ ላይ ጠቅ ብሎ ተቆለፈ።

ሰፊዋ ጅምሩን ኮት ከጠረጴዛው አንስታ ያላለቀውን እጅጌ መስፋት ቀጠለች። አባቷ በተጣፈ ኮት አልቆምም ብሎ ነበር። በተጣፈ ኮትም አይቀበርም።