የአሰለፈች አንገትና ዜኖን የሚባለው ጋዝ

«ጋዟን ግን አደራ» አለች አሰለፈች፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ እያጠበቀች። «ያቺን አንጎል የምትጠብቀዋን።»

የማደንዘዣ ባለሙያዋ እመቤት መጻፏን አቆመች። «የትኛዋን ጋዝ እናቴ?»

«ዜኖንን ነዋ። ነገ ስታስተኙኝ በሷ ነው አይደል? ልጄ ነግራኛለች። ተምራታለች።»

ልጇ የምስራች የክፍሉን ግድግዳ በድንገት ወደደችው። ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሰለፈች እንቅርት አለባት። በልጅነቷ እንዳይወጣባት ተብሎ አንገቷን በሦስት ረድፍ ተነቅሳ ነበር፤ እንቅርቱ ግን ንቅሳት የሚያከብር ዓይነት አልሆነም፣ ከሥሩ አብጦ ወጣ። ዘንድሮ ደግሞ የአየር ቧንቧዋን መጫን ጀመረ። ጋደም ስትል ትንፋሿ ያፏጫል። ሐኪሙ «ይውጣ፤ ከቆየ ያንቅዎታል» ብሏታል። እሷ ግን ሁለት ጊዜ ደብረ ታቦር ድረስ መጥታ፣ ከሆስፒታሉ በር ተመልሳ በሚኒባስ አገሯ ገሳይ ገብታለች።

ቢላውን ፈርታ አይደለም። የፈራችው እንቅልፉን ነው። ጎረቤታቸው ማሬ፣ ወሬ ስታወራ ምንም የማይጎድላት ሴት፣ «አንዷ በማደንዘዣ ተኝታ ስትነሳ የልጇ ስም ጠፋት» ብላታለች። አሰለፈች ደግሞ ስፌት ሰፊ ናት። መሶብ ላይ የምታወጣው ሐረግ የት እንደሚጀምር፣ ቀለሙ የት እንደሚገባ ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። «እሱን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?» ትላለች።

የምስራች ዘጠነኛ ክፍል ናት። የኬሚስትሪ መምህሯ ኖብል ጋዞች ከማንም ጋር የማይዋሃዱ ኩሩዎች ናቸው ካሉ ወዲህ፣ ክፍል ውስጥ አፍንጫዋን የምትነፋ ልጅ ሁሉ «ኖብል» ትባላለች። የምስራች ስለነሱ ስልኳ ላይ ስታነብ አንዱ፣ ዜኖን የሚባለው፣ ሰው እንደሚያስተኛ አየች። አንጎልን ከጉዳት ይጠብቅ እንደሆነም ተመራማሪዎች ያጠናሉ ይላል። «ያጠናሉ» የምትለዋን ቃል ዘለለቻት። «እማዬ፣ ደብረ ታቦር በሱ ነው የሚያስተኙት» አለች። እናቷ በማግሥቱ ጓዟን ሸከፈች።

አሁን እመቤት የምስራችን እያየች ነው።

«ዜኖንን የት አገኘሽው?»

«ትምህርት ቤት።»

«ጎበዝ።»

ይህች «ጎበዝ» ከጥፊ ትብስ ነበር። እመቤት ግን ሌላ አልጨመረችም። ተነሳችና «ሌላ ሕመምተኛ አይቼ እመለሳለሁ። እስከዚያ ስለ ዜኖን ለእናትሽ አስረጂያት። ሙሉውን» ብላ ወጣች።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። እናቷ ነገ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ በምን እንደተኛች ማን ይነግራታል? ብትናገር ግን መናኸሪያው ቅርብ ነው። የምስራች ያንን ፉጨት ሰማችው፤ አሁን እናቷ ቁጭ ብላም ያፏጫል። ይህን ተሸክማ ብትመለስስ? ደግሞ የሌለ ነገር አምና ዓይኗን ብትከድንስ?

«እማዬ፣ ጋዟ የለችም።»

«አለቀች?»

«አልነበረችም። አየር ውስጥ ያለችው ቅንጣት ታህል ናት፣ ለማውጣትም አበሳ ነው። በጣም ውድ ናት። ፈረንጆቹ ራሳቸው ገና እያጠኗት ነው። እንድትታከሚልኝ ብዬ ነው።»

አሰለፈች ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አላላች። «እንግዲህ ዋሽተሽ ነው ያመጣሽኝ።»

«አዎ።»

የእናቷ እግር አልጋው ሥር ጫማ መፈለግ ጀመረ። አንዱን አግኝታ እንዳጠለቀች እመቤት ተመለሰች። ጫማዋን አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በምን ነው የምታስተኚኝ?» አለች አሰለፈች።

«በሌላ መድኃኒት። ብዙ ሰው አስተኝቼበታለሁ።»

«ብረሳስ?»

«ሲነቁ ትንሽ ሊደናገርዎት ይችላል፤ አብዛኛውን ሰው ቶሎ ይለቀዋል። አንጎል የሚጎዳው አየር ሲያጥረው ነው። እንዳያጥርዎት እኔ ራስጌዎ ቁጭ እላለሁ።»

«ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ትንፋሽዎን አያለሁ። የልብዎን ምት አያለሁ።»

«ሌላ ሥራ የለሽም?»

«የለኝም። እስኪነቁ የትም አልሄድም።»

አሰለፈች ፊቷን መረመረችው። «እኔም ሐረግ ከያዝኩ ቀና አልልም» አለች ቀስ ብላ። ጫማዋን አወለቀች። «ንቅሳቴን ግን እንዳያበላሸው ለሐኪሙ ንገሪልኝ።»

«በመስመሩ ላይ ነው የሚቀደው። ጠባሳውን ከንቅሳቱ የሚለይልዎት የለም።»

በማግሥቱ አሰለፈችን ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲያወጧት አንገቷ በነጭ ተጠቅልሏል። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን፣ ከዚያ ልጇን አየች። ድምፅዋ ሻክሯል።

«ማሬን ንገሪያት። ስምሽ አልጠፋኝም። የምስራች፣ ውሸታሟ።»

የምስራች ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ኮሪደሩ ላይ እመቤት ስታልፍ ሮጣ ደረሰችባት። ያሰበችው ብዙ ነበር፤ እናቷ ፊት ስላላዋረደቻት፣ እንድትናገር ጊዜ ስለሰጠቻት። አፏ ላይ የመጣው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ሆነ።

«እሷ አሁን አታፏጭም፣ ሰምተሻል?» አለቻት እመቤት፣ ማስኳን እያወለቀች።

የምስራች ተመልሳ ጆሮዋን ጣለች። እውነቷን ነው።

አንድ ሌሊት አድራ አሰለፈች ከጓዟ ውስጥ ጅምር ስፌቷን አስወጣች። ወስፌውን ይዛ ሐረጉ የቆመበትን በዓይኗ ፈለገች። የምስራች ጎንበስ ብላ አየች። የእናቷ ጣቶች ተንቀሳቀሱ፤ ቀዩ አክርማ ቦታው ገባ።

«ለማን ነው?»

«ለዚያች ራስጌዬ ለተቀመጠችው።»

የምስራች ስፌት አትወድም። ቤት ውስጥ ወስፌ ከወጣ እሷ ውሃ ልትቀዳ ትወጣለች፣ ጀሪካኑ ሁሉ ሙሉ ቢሆንም። ዛሬ ግን እመቤት የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ አልጋው ራስጌ ጎተተችው።

«እማዬ፣ ከቀዩ ቀጥሎ የትኛው ነው?»

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«ሁለት ጭንቅላት ውስጥ ቢቀመጥ ምን አለበት?»

አሰለፈች አየቻትና ወስፌውን ዘረጋችላት። «እባብ አይደለም፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው።»

የምስራች ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ አንገቷን ደፍታ ጀመረች።