ሁለተኛው ስቴክ

የሻው ቅዳሜ ጠዋት በራሱ በረንዳ ላይ፣ ከራሱ ማንደጃ አጠገብ ተዘርሮ ተገኘ። አንገቱ ከግራ ጆሮው ሥር እስከ ጉሮሮው ታርዷል፤ ደረቱንም ሦስት ጊዜ ተወግቷል። ደሙ ወደ ማንደጃው ፈስሶ ከሰሉ ላይ ረግቷል። ሰፊው የሥጋ ቢላዋ ከጎኑ ወድቆ ነበር።

በንፋስ መውጫ ከተማ የሻውን የማያውቅ የለም። ስሙን ያስጠራው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያቆመው የሥጋ መሸጫ ማሽን ነው። ፊቱ መስታወት የሆነ ረጅም ማቀዝቀዣ ነው፤ በስልክ ከፍሎ ቁጥር ለነካ ሰው የታሸገ ስቴክ፣ ወፍራም የበሬ ሥጋ ቁራጭ፣ ዱብ ያደርግለታል፤ ቤት ወስዶ መጥበስ የገዢው ፋንታ ነው። «ደንበኛዬ የሚበላውን ይወቅ» እያለ እሽጉ ላይ የበሬውን ቀለምና የመጣበትን ቀበሌ ያጽፍ ነበር። ከተማው ግን የሚያወራው ሌላ ነው። ልኳንዳ ቤት ረቡዕና ዓርብ ይዘጋል፤ ማሽን ጾም አያውቅም። ከጎረቤት ዓይን ተሸሽጎ መብላት ለሚወድ ሰው ትልቅ ሲሳይ ሆነለት፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው።

ኢንስፔክተር ማንአለሽ ግቢው ስትደርስ አስከሬኑን ከማየቷ በፊት ጩኸት ጠበቃት። የሻውን በሥጋ ቆራጭነት የሚያገለግለው ስማቸው የሚባል ሰው አጥሩ ሥር ወድቆ ሕዝቡ በዱላና በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል። ቅንድቡ ተሰንጥቋል፣ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ቢላዋው የእሱ ነው፤ ለሕዝቡ ይኸው በቂ ነበር። ፖሊሶቹ ከበው አወጡት።

የሟቹ ታላቅ ወንድም አድማሱ ጠመንጃውን አንግቶ መንገዱን ዘጋ። ገበሬ ነው፤ ጋቢው ላይ ገና የአገሩ አቧራ አለ።

«ወንድሜ በዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል» አላት። «እስከዚያ ሕግ ካልፈረደ እኔ እፈርዳለሁ። ይኸን ሰውዬ በሕይወት አላሳድረውም።»

«ጠመንጃውን አስረክብ» አለችው።

አስረከበ። ግን እዚህ ጋይንት ውስጥ ጠመንጃ ያለው ዘመድ አንድ ብቻ አይደለም፤ አጥሩን ተደግፈው የቆሙት የአጎት ልጆች ዓይናቸውን ከስማቸው ላይ አላነሡም። የሟቹና የአድማሱ እናት እማማ የኔነሽም ከለቅሶው ድንኳን «የልጄን ገዳይ አሳዩኝ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ማንአለሽ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ነው። ከቀብሩ በፊት እውነተኛው ገዳይ ካልታወቀ፣ ማታ ሁለተኛ አስከሬን ይኖራል።

ወደ በረንዳው ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አለ። አንዱ ላይ አጋማሹ የተበላ ስቴክ ቀርቷል። ሌላው ላይ የሥጋ ወዝ ብቻ አለ፤ ሹካው ንጹሕ ነው፣ ስቴኩም የለም። ጎንበስ ብላ ከእንግዳው በርጩማ ሥር አየች። ደም ውስጥ አንድ ጉርሻ ሥጋ ወድቋል፤ አዋዜ ተነክሯል፣ ጥርስ አልነካውም። ከሟቹ ስልክ ላይ እንዳየችው፣ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከማሽኑ ሁለት ስቴክ ገዝቷል።

«ገዳዩ በልቶት ሄዷል» አለ አንዱ ፖሊስ።

«በልቶትማ ቢሆን ሹካው ይናገር ነበር» አለችው። «ጓሮውን ፈትሹ።»

ብዙ አልቆዩም። ከጎመኑ መደብ ዳር አዲስ አፈር፣ ከላዩም ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኙ። ሲቆፍሩት ስቴኩ ጥርስ ሳይነካው፣ ከዳሩ ጥቂት ብቻ ተቆርሶ፣ ከእሽጉ ላስቲክ ጋር ተጠቅልሎ ተቀብሯል። እሽጉ ላይ «ቡሬ» የሚል ቀለምና የአንድ ቀበሌ ስም አለ። ማንአለሽ አንብባው ኪሷ ከተተችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ስማቸውን ነው።

«ቢላዋው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ሐሙስ ለታ እዚሁ ስቆርጥ ውዬ በረንዳው ላይ ትቼው ሄድሁ።»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ምን በላህ?»

በወለቀው ጥርሱ መሀል ሊስቅ ሞከረ። «ጥብስ ነዋ! እኔ ጾም የሚባል እንደማላውቅ አገር ያውቃል። የንስሐ አባቴ እንኳ ተስፋ ቆርጠውብኛል።»

ቀጥሎ የመጡት ከቤተ ልሔም ገዳም የሆኑት መሪጌታ ይርዳው ናቸው። ባለፈው እሑድ በሕዝብ ፊት «ይኸ ማሽን ካልተነሣ ባለቤቱ በደሙ ይታጠባል» ብለው ነበር፤ ዓርብም ከየሻው በር ላይ ታይተዋል።

«እውነት ነው፣ ሄጄ ገሠጽሁት» አሉ መሪጌታ። «ይግቡና እራት ይብሉ አለኝ፣ በዓርብ! አፍንጫዬን ይዤ ተመለስሁ።»

«ማን አብሮት ነበር?»

«ጀርባውን የሰጠኝ ሰው ተቀምጧል። ጋቢ ለብሷል። በዚህ ብርድ ጋቢ የማይለብስ ማን አለ?»

በመጨረሻ አድማሱ ገባ። ጥያቄዋን ሳትጨርስ «ዛሬ ጠዋት ነው የደረስሁ» አለ።

«ለምን መጣህ?»

«በሬዬን ልወስድ። እግሩን ቢታመም፣ ወንድሜ ለከብት ሐኪም አሳየዋለሁ ብሎ ከወር በፊት አምጥቶት ነበር። ጥር ገባ፣ የበልግ እርሻ ደረሰ።»

«በሬው የታለ?»

«ወንድሜ ሞቶ ስለ በሬ ልጠይቅ?» ብሎ አፈጠጠባት።

መልሱ ያማረ ነበር። ማንአለሽ ግን ያማረ መልስ አትወድም። ተነሥታ ወደ መናኸሪያው ሄደች፤ ከማሽኑ ሦስት ስቴክ በገንዘቧ ገዝታ ተመለሰች። ፖሊሶቹ ተጠቃቀሱ፤ ኢንስፔክተሯ ሆዷን እንደምትወድ ከድሮም ትታማለች።

በስድስት ሰዓት ሦስቱን ሰዎች ጣቢያው ግቢ ሰብስባ ከሰል አቀጣጠለች። ስቴኮቹን ጨው ነስንሳ ፍርግርጉ ላይ ጣለቻቸው፤ አንዴ ብቻ ገለበጠቻቸው። ሲበስሉ ለእያንዳንዳቸው በሳህን አቀረበች፤ ከየሳህኑ አጠገብ «ቡሬ» የተጻፈበትን እሽግ አስቀመጠች።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ጾም የለም። ብሉ።»

ስማቸው በቆሰለ አፉ ማላመጥ ጀመረ። መሪጌታ «በለቅሶ ቀን ምን ዓይነት ምርመራ ነው?» ብለው አጉረመረሙ፤ ባርከው ቀመሱ፤ ከዚያም ማንም ሳይለምናቸው ደገሙ። አድማሱ እሽጉን አየ። እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም።

ማንአለሽ ቆማ መናገር ጀመረች።

«ትናንት የሻው ለእንግዳው ስቴክ ጠብሶ አቀረበ፤ እንግዳው አልነካውም። ዓርብ ስለነበር ጾመኛ ነው ማለት ነው። ስማቸው ከዚህ ይወጣል፤ እሱ ቢሆን ሳህኑንም ይልሰው ነበር።»

ስማቸው ማላመጡን ሳያቆም ራሱን ነቀነቀ።

«ጾመኞቹ ሁለት ናችሁ። ከበርጩማው ሥር ግን አንድ ጉርሻ ወድቆ አገኘሁ፤ የሻው እንግዳውን ሊያጎርሰው ሞክሯል። መሪጌታ፣ የሻው በሕዝብ ፊት ከረገሙት በኋላ እጁን አፍዎ ውስጥ ያስገባ ነበር?»

«ይሞክራ!» አሉ መሪጌታ።

«አይሞክርም። ሰው በግድ የሚያጎርሰው የሚደፍረውን፣ የቅርቡን ሰው ነው። ሚስቱን፣ ጓደኛውን፣ ወንድሙን። የሻው ሚስት የለውም።» ወደ አድማሱ ዞረች። «ሥጋውን ሌባ ቢያገኘው ይበላዋል፤ የተናደደ ሰው ቢያገኘው ለውሻ ይጥለዋል። ገዳዩ ግን ቀበረው፣ ድንጋይም ጫነበት። ለምን? ያረሰበትን በሬ አፉ ውስጥ የማያስገባ ገበሬ አውቃለሁ። አባቴ እንዲያ ነበር። አድማሱ፣ የበሬህ ቀለም ምንድን ነው?»

አድማሱ ሳህኑን በክርኑ ገፋ አደረገው።

«በሬህ ዳልቻ ከሆነ ይኸን ብላና ወደ ቀብሩ ሂድ። ስማቸውንም የፈለግኸውን አድርግ፤ እኔ ተሳስቻለሁ።»

ሹካውን ዘረጋችለት። አድማሱ ተቀብሎ ሥጋውን ወጋ፤ እስከ ከንፈሩ አደረሰው። ከዚያ ሹካውን ከነሥጋው ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ሰባት ክረምት አርሼበታለሁ» አለ። «ትናንት ስመጣ ወንድሜ ሥጋ አቀረበልኝ። ዓርብ ነው፣ አልበላም አልሁት። በሬዬስ? ብለው ሳቀ። ፊትህ አለልህ፣ ቡሬ ነው አለኝ። እግሩ አይድንም ነበር አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። እሽጉን አሳየኝ። ቆርሶ በአዋዜ ነክሮ አፌ ላይ አደረገው። ቅመሰው እንጂ፣ እንዳረሰልህ ይጣፍጣል አለኝ። ጥርሴን ገጠምሁ። እየሳቀ ገፋው። ከንፈሬን ሲነካኝ እጄ ቢላዋውን አገኘ።»

መሪጌታ አማተቡ።

«ደረቱን ስወጋው ገና ይስቅ ነበር። አንገቱን ሳርደው ነው ያቆመ። ድምፁ የበሬ ድምፅ ነበር።»

«ስማቸውስ ምን አደረገህ?» አለች ማንአለሽ።

«በሬዬን ያረደው እሱ አይደለም? እሱም የእጁን ያገኝ ነበር።»

ስማቸው ሳህኑን ከፊቱ ገፋው። «የሰው በሬ መሆኑን አላወቅሁም፣ ጋሼ። በሥላሴ፣ አላወቅሁም።»

ማንአለሽ በሥራዋ ብዙ ገዳይ አይታለች። ወንድሙን አርዶ የዓርብ ጾሙን ሳይገድፍ ያደረ ሰው ግን አይታ አታውቅም፤ ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች፤ አንዱንም አላደረገችም።

የአጎት ልጆቹ አሁንም የስማቸውን ደም ይጠብቃሉ። የፖሊስን ቃል እንደማያምኑ ታውቃለች፤ ከአድማሱ አፍ መስማት አለባቸው። እጁን በካቴና አስራ ወደ ለቅሶው ድንኳን ወሰደችው። አስከሬኑ ሊነሣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሕዝቡ ካቴናውን ሲያይ ጸጥ አለ።

እማማ የኔነሽ ቀና አሉ። «ገዳዩ ተገኘ ወይ?»

«ተገኝቷል፣ እናቴ» አለች ማንአለሽ። የአድማሱንም ክንድ ለቀቀች።

አድማሱ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እኔ ነኝ፣ እማዬ። ስማቸው የለበትም። የሻው ቡሬን አርዶ ሊያበላኝ ሲል ነው።»

አሮጊቷ አልጮኹም። የታሰረውን የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«በሬ እኮ ይገዛል፣ ልጄ» አሉት።