ጥልቁ ቀድሞ ይዞራል

ዶክተሯ የተገኘችው በባሕር ጥናት ጣቢያው የመሣሪያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከብረቱ ደረጃ ግርጌ በጀርባዋ ተንጋላ ነበር። ቀኝ እጇ የተጨማደደ ወረቀት ጨብጧል፤ አንገቷ ላይ የተበጠሰ ክር ተንጠልጥሏል። አጠገቧ አንድ ትልቅ መፍቻ ወድቋል። መፍቻው ሁሉም «ብሎን» የሚሉት የጥገና ሠራተኛ ንብረት ነው። ብሎንና ዶክተሯ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አገር እስኪሰማ ተጨቃጭቀዋል። መርማሪዋ ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ማለዳ ከልጆቹ ፊት፣ ጎረቤት በየበሩ ቆሞ እያየ፣ በካቴና አስወጣችው።

እኩለ ቀን ላይ የሐኪሙ ቃል መጣ። መፍቻው ማንንም አልነካም። ሴትዮዋ ደረቷን ተገፍትራ ከደረጃው ወድቃ ነው የሞተችው። የመርማሪዋ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

«እሱን እንፍታው» አለች አለቃዋን።

«ገፍትሮም ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ሳታመጪ አይፈታም።»

ብሎን የእስር ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ስለምን ተጣላችሁ?»

«ከጥልቁ ያወጣነው መሣሪያ ውሃ ገብቶት ነበር። ስከፍተው እንደ ማንቆርቆሪያ ተንዠቀዠቀ። ዓመት ሙሉ የመዘገበው ሁሉ ጠፋ። አላጠበቅኸውም ብላ ጮኸችብኝ።»

«ውሃ መግባቱን ማን ማን ያውቃል?»

«እዚያው መርከብ ላይ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ባሏም፣ ተማሪዋም ሰምተዋል። የኔ ሥራ ማውረድና ማውጣት ነው፤ እታች ምን እንደሚደረግ ዓሣውን ይጠይቁ።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ይዛ ወደ ተማሪዋ ሄደች። ልጅቷ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ መመረቂያዋ በዚሁ ጥናት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ የላይኛው ውሃ ጅረት፣ ሌላው የጥልቁ። በላዩ ላይ በቀይ እርሳስ «ይህን የፈጠረው ማነው?» ተብሎ ተጽፎበታል።

«የጥልቁ መሣሪያ ባዶውን ከወጣ፣ ይህ መስመር ከየት መጣ?»

«ተፈብርኮ ነዋ! ነገ የጥናቱን ውጤት ሊያዩ ለሚመጡት እንግዶች።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ብሆን እንዲህ አልሳሳትም!» አለች፤ ወዲያው ያለችው ራሷን አሳፈራትና ከንፈሯን ነከሰች።

«ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

«በምድር ወገብ አካባቢ ነፋሱ በየወቅቱ ይለዋወጣል። እሱ ሲለዋወጥ ጥልቁ ድረስ የሚዘልቅ ግዙፍ ማዕበል ይነሣል። ዳርቻ ላይ እንደምናየው አይደለም፤ ወራት እየፈጀ ጅረቱን ወዲያና ወዲህ የሚያዞር ነው። ጉልበቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መዞሩ ግን ከታች ነው የሚጀምረው። ጥልቁ ቀድሞ ይዞራል፤ የላይኛው ይከተላል።»

«ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።»

«ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው። ዶክተሬ በመጀመሪያው ቀን የነገረችን ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ግን የላይኛው ቀድሟል።»

«ያ ክርስ?»

«የቀይ እርሳሷ ነው። ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ለኔ እንኳ አታውሰኝም ነበር።»

እርሳሱ ግን አዳራሹ ውስጥ አልተገኘም።

የዶክተሯ ባል የጣቢያው ኃላፊ ነው። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ቢሮው ተቀምጧል።

«ትናንት ማታ ከቤት ንቅንቅ አላልኩም፣ ልጄ» አላት። «እሷ ሥራ ላይ ስትሆን ራሷን ትረሳለች። መነጽሯን፣ ቁልፏን፣ የጣለችውን ሁሉ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ የምለቅመው እኔ ነበርኩ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ብሎንም ከነካቴናው መጣ። መርማሪዋ ዓይኑን ማየት አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ነገ ለእንግዶቹ የሚያስረዱት እርስዎ ነበሩ አሉ። እስቲ ለኔም እየሣሉ ያስረዱኝ።»

ባልየው የለመደው ነገር ነውና እጁን ካፖርቱ ኪስ ከተተ፤ ወረቀት ስቦ ይሥል ጀመር።

«ቀላል ነው። ነፋስ የሚገፋው የላይኛውን ውሃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የላይኛው ይዞራል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጥልቁ ይከተላል።»

ተማሪዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ብሎን መሣሪያው መበላሸቱን ለመርከብ ሙሉ ሰው አውጇል» አለች መርማሪዋ። «ያወጀውን ለመሸፈን ውሸት አይፈጥርም። ይህች ልጅ ብትፈጥር ኖሮ አስተካክላ ነበር የምትፈጥረው። የሣለው ሰው የባሕሩን ነገር የማያውቅ ሰው ነው።»

«አለማወቅ ሰው መግደል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ግን የያዙትን ይመልከቱ።»

በጣቶቹ መካከል ያለው ቀይ እርሳስ ነው፤ ጫፉ ላይ የተበጠሰው ክር ቀሪ ተንጠልጥሏል።

«ወረቀቱ ላይ የጻፈችው በዚህ እርሳስ ነው፤ ለማንም አታውሰውም ነበር። ስትወድቅ ክሩ ተበጠሰ፤ እርስዎም እንደ ልማድዎ የጣለችውን አነሱ።»

ባልየው እርሳሱን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አየው።

«ሳቀችብኝ» አለ። «'ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እራት ላይ ስነግርህ ራስህን የምትነቀንቀው ለምን ነበር?' አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን አልገባኝም ነበር፤ መጠየቅ አፈርኩ። በማግስቱ ደግሞ ትናንት አለመጠየቄ አሳፈረኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ኃላፊ ሆንኩ። የገፋኋት... ሳቁን እንድትተው ብቻ ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ ብሎን በለሆሳስ።

ባልየው ከተወሰደ በኋላ መርማሪዋ የብሎንን ካቴና ፈታች። የእጁ አንጓ ላይ ቀይ ሰንበር ወጥቷል።

«በመኪና ላድርስዎ» አለችው። ማለዳ «አንተ» ብላው ነበር።

«ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል። በመኪና ስመለስ ማን ያየኛል?»

መኪናውን ትታ አብራው በእግሯ ሄደች። የሰፈሩ መግቢያ ላይ፣ ማለዳ ሲያዩ ከነበሩት ሴቶች አንዷ በሯ ላይ ቆማለች። መርማሪዋ ኮፍያዋን አወለቀች። ተሳስቼ ነው ያሰርኳቸው ልትል አፏን ከፈተች፤ «ማለዳ እኔ...» ከማለት አላለፈችም።

ብሎን እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት።