የፋቅኩት ሽጉጥ

የምተዳደረው አሮጌ የቤት ዕቃ በማደስ ነው። የተላጠ ቁም ሣጥን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ ስመልስ ባለቤቱ እንኳ የኔ ነው ወይ ብሎ ይጠራጠራል። ይኸው ሙያዬ ምን እንዳሠራኝ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከእናንተ አንዱ እጁን ይሰበስብ ይሆናል።

ወታደር የነበረው አባታችን ሲሞት የተወልን አንድ ጥይት አልባ የጥንት ሽጉጥ ነው። እናታችን በጨርቅ ጠቅልላ ሠላሳ ዓመት አስቀመጠችው። ዓይኗን ሞራ ሲጋርዳት ለሕክምናዋ እንድንሸጠው ራሷ ጠየቀችን። ለሙዚየም የጥንት መሣሪያ የሚመረምሩ ባለሙያም እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ሙዚየሙ እንደሚገዛው ነግረውን ቀጠሩን።

በዋዜማው ሽጉጡን ወደ ሥራ ቦታዬ ልወስድ ስል እህቴ በር ላይ ያዘችኝ።

«እንዳለ አሳያቸው። ምን ያነካካሃል?»

«እንዲህ ዝጎ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር መጽዳት አለበት።»

«እማዬን ጠይቃት እንጂ።»

«እማዬ ስለ ብረት ምን ታውቃለች?» ብያት ወጣሁ።

ግማሽ ቀን ሙሉ ፈገፈግኩት። የተጫጫረውን የእንጨት እጀታም ልጬ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሲያብረቀርቅ ሳየው በራሴ ኮራሁ።

ባለሙያው በአጉሊ መነጽር አገላብጠው አዩትና ቀና አሉ።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅኩ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ቁጥርና የፋብሪካ ማህተም ነበረበት። ፍቀህ አጥፍተኸዋል። ዝገት ያልከውም ዕድሜው ነበር። አሁን ትናንት ከተሠራ ቅጂ በምን ልለየው? እውነተኛ ነው ብዬ መፈረም አልችልም።»

ቤት ስመለስ እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ሰጠኋት። አውራ ጣቷ እጀታው ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ፈለገ።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለች። «ለውጠውብሃል። አባትህ ስሙን እዚህ ጋ በሚስማር ጭሮበት ነበር። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በጣቴ ነው የማነበው። በል ሂድና አስመልስ።»

እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ከእናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ።

«አልለወጡትም፣ እማዬ። እኔ ነኝ የፋቅኩት።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ አሮጌ ዕቃ ሲመጣልኝ ብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሳቴ በፊት «የሚያውቀውን ሰው ጠይቃችኋል?» እላለሁ። እናንተም የወረሳችሁትን ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሚነግራችሁ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እናቴ እስካሁን አልታከመችም። ሽጉጡም ትራሷ ሥር ነው፤ አንዳንዴ ታወጣውና ጣቷን እጀታው ላይ ታመላልሳለች።