የሰዓት ሠሪው አንገት

የሟቹ ሰዓት ሠሪ ታናሽ ወንድም፣ «ጋሼን የገደለው መርፌው ነው፤ አዙሮት ከወንበሩ ሲወድቅ የጠረጴዛው ብረት ግንባሩን መታው» አለ። ሐኪሙ ደግሞ፣ «ማስታገሻውን አንገቱ ላይ ከወጋሁት በኋላ አስተኝቼ ተከታትዬዋለሁ። ሲወጣ አንገቱን ግራ ቀኝ እያዞረ ይስቅ ነበር» አለ።

መርማሪዋ ሁለቱንም ቆማ ሰማች። የጀርባዋ ቁርጥማት መቀመጥ ከነሳት ቆይቷል። በማግሥቱ ይኸው ሐኪም አከርካሪዋን ሊወጋት ቀጠሮ ነበራት። ሬሳውን ካየች ወዲህ ግን ልቧ ሸፍቷል።

«መርፌው ሰው ይገድላል?» አለችው ሐኪሙን።

«አደጋ የለውም ብል እዋሻለሁ። ብዙውን ሰው ለጊዜው ያስታግሠዋል፤ ለአንዳንዱ ምንም አይሠራም።»

ወደ ሱቁ ሄደች። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ የተሰቀለው መስታወት ጨርቅ ተጥሎበታል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ውድ ሰዓት ክዳኑ ተከፍቷል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን የርካሽ ሰዓት ማሽን ነው።

«መስታወቱ ለምንድን ነው?» አለችው የሟቹን የሱቅ ሸሪክ።

«ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነዋ የሚሠራው! አንገቱ እንጨት ስለሆነ የሚገባውን ሰው በመስታወት ነው የሚያየው።»

«አልታከመውም?»

«እሱ? መርፌ ሲያይ የሚሮጥ ፈሪ! ደግሞ ያንን አንገት እንኳን ሐኪም ክሬንም አያዞረው።»

ወንድሙንና ሐኪሙን እዚያው አስጠራች። አብሯት የመጣው ሳጅን በሩ ላይ ቆመ።

«በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነው የተገኘው፤ ቁልፍ ያላችሁ ሁለታችሁ ናችሁ» አለች ወንድምየውንና ሸሪኩን እያየች። «ወድቆ ከሞተ መስታወቱን ማን ሸፈነው? ገዳዩ እንዳይታይ አስቀድሞ ሸፍኖ፣ ኋላ ከበስተጀርባው መጣ። ከኋላ የተመታ ሰው ማጅራቱን ነው የሚቆስለው፤ እሱ ግን ግንባሩን ነው። ለምን? ኮቴ ሰምቶ ዞረ። ገዳዩ ያ አንገት መዞር መጀመሩን አላወቀም።»

«እኔ ነኝ ክሊኒክ የወሰድኩት» አለ ወንድሙ። «‹ለማንም እንዳትነግር፤ ነገ ዞር ብዬ ሰላም ስላቸው ይደንግጡ› አለኝ።»

«አንተማ ታውቅ ነበር፤ መስታወት ለመሸፈን አትደክምም ነበር። ያላወቀው ሸሪክየው ነው።»

«እህቴ፣ በምን ምክንያት ልገድለው?» አለ ሸሪኩ።

መርማሪዋ ውዱን ሰዓት አነሳች። «የደንበኞችን ማሽን እያወጣህ በርካሽ ስትተካ ሟቹ ደረሰብህ።»

ሸሪኩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ዞሮ አየኝ» አለ ቀስ ብሎ። «በስሜ ጠራኝ። እጄ ግን መውረድ ጀምሮ ነበር።»

ሳጅኑ ይዞት ወጣ። ወንድምየው ሐኪሙን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የነገውን ቀጠሮዎን... ልሰርዘው?»

መርማሪዋ ወገቧን በመዳፏ ደግፋ ቀና አለች። ከዚያ ወንድምየውም እስኪሰማ ድረስ፣ «አይሰርዙት!» አለች። «ላይሠራ እንደሚችልም ነግረውኛል። ነገ እወጋለሁ።»